ስኳር ያለበትና የሌለበት የኩላሊት እጥበት ታካሚ ኑሮ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ታካሚዎችና አስታማሚዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድረናቸዋል፤ መድኃኒት ለመጨመር ወይም ለመቀነስ ግን ሐኪማችሁን አማክሩ።

የኩላሊት እጥበት ምን ይሠራል? በሳምንት ስንት ጊዜ ነው?

ኩላሊት ሥራውን ሲያቆም ቆሻሻና ትርፍ ውሃ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። ማሽኑ ደሙን በቱቦ ያወጣል፣ በማጣሪያ ያሳልፋል፣ መልሶ ያስገባል። የተለመደው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በአንድ ቀን አራት ሰዓት ነው። ጤነኛ ኩላሊት በሳምንት 168 ሰዓት ያለ እረፍት ይሠራል። ማሽኑ ይህንን በ12 ሰዓት እንዲጨርስ ነው የሚጠበቅበት።

ማሽኑ የማይተካው ሥራም አለ። ኩላሊት ደም እንዲመረት የሚያደርግ ሆርሞን ያመነጫል፣ ቫይታሚን ዲን ለአጥንት እንዲጠቅም አድርጎ ያዘጋጃል። ለዚህ ነው ታጣቢ ከእጥበቱ በተጨማሪ የደም ማነስ መርፌና የአጥንት መድኃኒት የሚታዘዝለት።

ስኳርና ኩላሊትን ምን አገናኛቸው?

ኩላሊት በጣም ቀጫጭን የደም ሥሮች የተጠቀለሉበት ማጣሪያ ነው። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር እነዚህን ሥሮች ይጎዳል። መጀመሪያ ላይ ምንም አያምም፤ የሚታየው በሽንት ምርመራ ፕሮቲን መገኘቱ ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኩላሊታቸው ሙሉ በሙሉ ከሚደክምባቸው አዳዲስ ታካሚዎች ከአሥሩ አራቱ ያህል መነሻቸው ስኳር ነው። የቀሩት በደም ግፊት፣ በኩላሊት መቆጣት፣ በዘር በሚመጣ ሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ነው።

«የኑሮ ጥራት» ሲባል ምን ማለት ነው? ይለካል እንዴ?

ይለካል። በብዙ አገር የሚሠራበት ለታጣቢዎች የተዘጋጀ 36 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። ደረጃ መውጣት ትችላለህ? ሕመም ሥራህን ያስተጓጉላል? ሆድ ብሶህ ታውቃለህ? ማሳከኩስ? ውሃ መገደብህ ምን ያህል ያስቸግርሃል? ለቤተሰቤ ሸክም ሆንኩ ትላለህ? የአሜሪካ ማዕከላት ይህን በየዓመቱ ለታካሚው ያስሞላሉ።

መጠይቁ ባይኖርም ቤተሰብ አንድ ነገር ማየት ይችላል። ታካሚው በማይታጠብበት ቀን ምን እየሠራ ይውላል? ከአልጋ ይነሳል? ጎረቤት ይጠይቃል? ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይሄዳል? እኔ ከብዙ የላብራቶሪ ቁጥር ይልቅ ይህን ጥያቄ እመርጣለሁ። ክሬአቲኒኑ (በደም ምርመራ የሚለካው፣ ኩላሊት የሚያጣራው ቆሻሻ) ምንም ሆነ ምን፣ ሰውየው የእረፍት ቀኑን በሙሉ ተኝቶ ከዋለ አንድ ነገር አልተስተካከለም ማለት ነው።

ስኳር ያለበት ታጣቢና የሌለበት በምን ይለያያሉ?

ጥናቶች ደጋግመው የሚያሳዩት ዋናው ልዩነት አካላዊው ጎን ላይ ነው። መራመድ፣ ዕቃ ማንሳት፣ ራስን ችሎ መታጠብና መልበስ፣ ሕመም አለመኖር፤ በእነዚህ ስኳር ያለበት ዝቅ ይላል። በስሜቱ ጎን ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ሁለቱም በማሽን መታሰሩ፣ በገንዘቡና በነገው ነገር ይጨነቃሉ።

አካላዊው ጎን ለምን እንደሚለያይ ለማስረዳት አይከብድም። ስኳር የሌለበት ሰው፣ በተለይ ወጣት ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የተጎዳበት ኩላሊቱ ነው። ስኳር ያለበት ግን ኩላሊቱን የጎዳው ነገር ዓይኑን፣ ነርቩን፣ ልቡንና እግሩንም ነክቶታል። ዓይኑ ከደከመ የኢንሱሊኑን መጠን በትክክል መሳብ አይችልም፤ ሰው ይፈልጋል። የእግር ነርቭ ከተጎዳ ሌሊት ያቃጥለዋል፣ እንቅልፍ የለም። የጨጓራ ነርቭ ከተነካ ምግብ ቶሎ አይወርድም፣ ያቅለሸልሸዋል። የደም ግፊትን የሚቆጣጠረው ነርቭ ከተነካ ደግሞ ማሽኑ ላይ እያለ ግፊቱ ድንገት ይወርዳል፣ ከተነሳም ያዞረዋል።

ፊስቱላም አለ። በክንድ ላይ ደም መልስና ደም ቅዳ የሚባሉትን ሁለት የደም ሥሮች አገናኝቶ ለመርፌ የሚያዘጋጀው ቀዶ ሕክምና ማለት ነው። ስኳር ያለበት ሰው ደም ሥሩ ስለሚደድር ፊስቱላው ለመብሰል ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይሆንም። እስከዚያ በአንገት በኩል በገባ ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ይታጠባል። ካቴተር ደግሞ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። ስለዚህ ሐኪም «ፊስቱላውን ቀደም ብለን እንሥራ» ሲል «ገና ነው» ብሎ ማዘግየት ስኳር ላለበት ሰው ይበልጥ ውድ ዋጋ ያስከፍላል። የተሠራበት ክንድ ላይ ደም አይቀዳ፣ ግፊት አይለካ፣ ከባድ ዕቃም አይንጠልጠል።

ይሁን እንጂ ስኳር አለበት ማለት ኑሮው የግድ የከፋ ነው ማለት አይደለም። ስኳሩን የሚከታተል፣ ዓይኑ የተጠበቀለት፣ ቤተሰብ ያለው ሰው ስኳር ከሌለበት ግን ብቻውን ከሚኖር ታጣቢ የተሻለ ሊኖር ይችላል።

ከእጥበት መልስ ያን ያህል የሚደክመው ለምንድን ነው? የተለመደ ነው?

የተለመደ ነው፤ ግን «ያው ነው» ተብሎ የሚተው አይደለም። በአራት ሰዓት ውስጥ ሁለት ሦስት ሊትር ውሃ ከሰውነት ሲወጣ ልብና ደም ሥር ይደነግጣሉ። የደም ማነስ ካለ ድካሙ ይበረታል። «ደረቅ ክብደት» የሚባለው፣ ከእጥበት በኋላ መድረስ ያለበት ኪሎ፣ በትክክል ካልተቀመጠም እንዲሁ። ሰው ወፍሮም ከስቶም ይሄ ቁጥር ሳይነካ ወራት ሊያልፍ ይችላል። ድካሙ እየጨመረ ወይም የጡንቻ መኮማተሩ እየበዛ ከሆነ «ደረቅ ክብደቴን እንደገና እዩልኝ» ማለት መብት ነው።

ስኳር ላለበት ሰው አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ፦ ስኳሩ እየወረደ ሊሆን ይችላል። ድካም፣ ላብና ግራ መጋባት ሲታይ መጀመሪያ ጣትን ወግቶ መለካት ነው።

አባቴ እጥበት ከጀመሩ ወዲህ ስኳራቸው ወርዷል። ኢንሱሊኑን ያቁሙ?

በራሳቸው አያቁሙ፤ ግን ጥያቄው ትክክለኛ ነው፣ ሐኪማቸው ዛሬውኑ ሊሰማው ይገባል። ጤነኛ ኩላሊት ኢንሱሊንን ከሰውነት ያስወግዳል። ኩላሊቱ ሲደክም የተወጋው ኢንሱሊን ደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። በዚያ ላይ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል። ስለዚህ ድሮ ልክ የነበረው መጠን አሁን ይበዛል። ብዙ ሰው መጠኑ ወደ ግማሽ ይወርድለታል፤ አንዳንዱ ጨርሶ ላያስፈልገው ይችላል። ቤተሰብ «ስኳሩ ዳነ፣ ጸበሉ ሠራ» ይላል። ስኳሩ አልዳነም፤ መድኃኒቱን የሚያጥበው ኩላሊት ነው የቆመው።

የሚዋጡትም መፈተሽ አለባቸው። ሜትፎርሚን ለታጣቢ አይሰጥም፤ ተጠራቅሞ ደምን አደገኛ በሆነ አሲድ ይሞላል። በእኛ አገር በሰፊው የሚታወቀው ግሊቤንክላማይድም ለታጣቢ አይመከርም፤ ስኳርን ለረጅም ሰዓት ጥሎ ያስቀራል። የድሮ ማዘዣ ይዞ ከመድኃኒት ቤት እየገዛ የሚውጥ ዘመድ ካለ፣ ዛሬ ኪኒኑን ይዛችሁ ሐኪሙ ጋ ሂዱ።

ሌላው የሚያሳስተው የሦስት ወር አማካይ የስኳር ምርመራ ነው። ያ ምርመራ የሚያየው ቀይ የደም ሴል ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው። የታጣቢ ቀይ ሴል ዕድሜው አጭር ነው፣ የደም ማነስ መርፌውም አዲስ ሴል ያበዛል፣ ደም የተሰጠውም አለ። ስለዚህ ውጤቱ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ቤት ውስጥ በጣት የሚለካውን ደብተር ላይ እየጻፉ ለሐኪሙ ማሳየት የበለጠ ይጠቅማል።

ስኳር ሲወርድ ብርቱካን ጁስ መስጠት ይቻላል?

ለታጣቢ ጥሩ ምርጫ አይደለም። ብርቱካን ፖታሲየም ይበዛበታል፤ ፖታሲየም ሲጠራቀም የልብ ምትን ያዛባል። ኮላም ታጣቢ ላይ የሚጠራቀም ፎስፈረስ አለበት። ስኳሩ ከ70 በታች ከሆነ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በትንሽ ውሃ በጥብጦ መስጠት፣ ወይም ማር፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ስኳር ያለው ስፕራይት ይበቃል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካ። ካልተነሳ ይደገም። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

ማሽን ላይ እያለም ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በእጥበት ቀን ጠዋት ኢንሱሊኑ ስንት መሆን እንዳለበት ለብቻው ጠይቁ። ቁርስ ሳይበሉ፣ እንደ ሌላው ቀን ተወግቶ መምጣት በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ከረሜላ ከኪስ አይጥፋ።

ውሃ ጥሙን እንዴት ይቻለዋል?

ሽንት ለማይወጣው ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ነው፤ ሽንት የሚወጣው ያንን ያህል ይጨምራል። ሻይ፣ ቡና፣ ሾርባ፣ አጥሚት ሁሉም ይቆጠራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስቱም ሲጠጣ ከቀኑ ድርሻ ቀላል የማይባል ሄዷል። ከሰው ጋር ቡና መጠጣት ራሱ የኑሮ ጥራት ስለሆነ «ቡና ተው» አልልም። አንድ ስኒ ይዞ መቀመጥም ይቻላል።

ውሃ ጥምን የሚያመጣው በዋናነት ጨው ነው። በጨው የተዘጋጀ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ የሱፐርማርኬት ሾርባ እየበሉ ውሃ መቀነስ አይቻልም። ስኳር ላለበት ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ስኳሩ ከፍ ሲል ሰውነቱ ውሃ ይጠራል። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን ስኳር በሽንት ያወጣ ነበር፤ አሁን መውጫ የለም። ስለዚህ በሁለት እጥበት መካከል አራት ኪሎ ጨምሮ የሚመጣ ስኳር ያለበት ሰው ከመወቀሱ በፊት ስኳሩ ይለካ። «ጠጪ» ስለሆነ ላይሆን ይችላል።

ምን ይብላ? ጾምስ?

ከእጥበት በፊት «ፕሮቲን ቀንስ» የተባለ ሰው ከጀመረ በኋላ መጨመር እንዳለበት ብዙ ጊዜ አይነገረውም። ታጣቢ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። እንቁላል፣ ዶሮ፣ ዓሣና ሥጋ ጥሩ ምንጭ ናቸው። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ድንች፣ ቲማቲም፣ ቆስጣና ብርቱካን ፖታሲየም ስለሚበዛባቸው ይገደባሉ። ፖም፣ አናናስ፣ ወይን ይሻላሉ፤ ስኳር ያለበት ግን እነሱንም ለክቶ ነው። ድንች ካማረ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ቢደፋ ፖታሲየሙ ይቀንሳል።

ስኳር ላለበት ታጣቢ ዋናው ችግር ሁለት ዝርዝር አንድ ላይ መያዙ ነው። የስኳሩ ሐኪም «ምስርና አትክልት ብላ» ይለዋል፤ የኩላሊቱ «እነሱን ቀንስ» ይለዋል። ግራ ተጋብቶ ነጭ ዳቦ ብቻ የሚበላ፣ ሥጋው የሚያልቅ አለ። ሁለቱን ምክር አንድ ሰው አስታርቆ በአንድ ወረቀት ላይ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ።

ጾምን በተመለከተ፣ ሽሮና ምስር ብቻ እየበሉ ሁለት ወር መቆየት ፕሮቲኑን ይቀንሳል፣ ፖታሲየሙንና ፎስፈረሱን ያበዛል። ስኳርም እጥበትም ያለበት ሰው የረመዳንን ጾም መጾሙ በጣም አደገኛ ከሚባሉት ውስጥ ነው። ለበሽተኛ በሁለቱም እምነት ፈቃድ አለ። ብዙ ሽማግሌ ግን ይህን ከሐኪም ሳይሆን ከንስሐ አባቱ ወይም ከኢማሙ መስማት ይፈልጋል። ስለዚህ እነሱን አስቀድማችሁ አነጋግሩ።

በሳምንት ሁለቴ መታጠብ አይበቃም?

ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለቴ የሚታጠበው አብዛኛው ሰው ሐኪም አዞለት ሳይሆን ገንዘቡ ወይም ማሽኑ አልደርስ ብሎ ነው። ገና በቂ ሽንት ለሚወጣው ሰው ሁለቴ ሊበቃ ይችላል። ለሌላው ግን በመሃል ያለው ረጅም ቀን አደገኛው ነው፤ ውሃውም ፖታሲየሙም የሚጠራቀመው ያኔ ነው። ሦስቴ በሚታጠቡትም ቢሆን ሆስፒታል መግባትና የልብ ችግር የሚበዛው ከሁለቱ ተከታታይ የእረፍት ቀናት በኋላ ነው።

ሁለቴ ከመታጠብ ሌላ ምርጫ ከሌለ፣ ገደቡን ሁሉ ማጥበቅ ግድ ነው። የቀረችውንም ሽንት መጠበቅ ያስፈልጋል። ለጉልበት ሕመም ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያቺን ያጠፋሉ።

ስለ እግር ይህ ሁሉ ወሬ ለምንድን ነው?

ስኳርና እጥበት አንድ ላይ ሲገናኙ የእግር መቆረጥ አደጋ በጣም ይጨምራል። ነርቩ ስለሞተ ቁስሉ አያምም፣ ደሙ ስለማይደርስ አይድንም። በየማታው ጣቶቹ መሃል ይታይ። ሰውየው ዓይኑ ከደከመ ሌላ ሰው ይይለት። ባዶ እግር ቤት ውስጥም አይኬድ። እግርን በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍም ይቅር፤ ሳይሰማው ይቃጠላል።

ድብርቱስ? ትዳርስ?

ከታጣቢዎች ከአምስቱ አንዱ ያህል ሕክምና የሚያስፈልገው ድብርት አለበት፤ ስኳር ኖረውም አልኖረውም። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የሚታየው በለቅሶ ሳይሆን በዝምታ፣ በቁጣ፣ «ምግቡ አይጥመኝም» በማለት፣ እጥበት በመቅረት ነው። መድኃኒት አለው፤ የሚያናግር ባለሙያም ይረዳል።

የወሲብ ፍላጎት መቀነስና የወንድ ብልት አለመቆም በታጣቢዎች ዘንድ በጣም የተለመደ ነው፤ ስኳር ሲጨመርበት ይብሳል። ማንም ስለማይጠይቅ ማንም አይናገርም። መድኃኒት ስላለው ጠይቁ። የልብ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ግን ከጓደኛ ተቀብሎ አይዋጥ፤ ናይትሬት ከሚባለው የልብ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ሊገድል ይችላል።

ሥራ መሥራትና መጓዝ ይቻላል?

ስኳር የሌለባቸው ወጣቶች ብዙዎቹ ይችላሉ፤ የሚያስቸግረው የማሽኑ ሰዓት ነው። የማታ ተራ ካለ ጠይቁ። አሜሪካ ያላችሁ፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ዕድሜው ምንም ቢሆን በሜዲኬር (በመንግሥት የጤና መድን) እንዲታቀፍ የሚፈቅደው ሕግ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከ1972 ጀምሮ አለ። በቂ የሥራ ዘመን ግን በራስ፣ በባል ወይም በሚስት፣ ለልጅ ደግሞ በወላጅ በኩል ያስፈልጋል። ማዕከል ሄዶ ለሚታጠብ ሽፋኑ በአራተኛው ወር ይጀምራል። ቤት ውስጥ ለመታጠብ ሥልጠና ለሚወስድ ግን ከመጀመሪያው ወር ሊጀምር ይችላል።

አገር ቤት ለመሄድ ካሰባችሁ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የማሽን ተራ ያዙ። የሄፓታይተስ ምርመራ ውጤትና የእጥበት ትእዛዝ ይዛችሁ ሂዱ። ሜዲኬር ውጭ አገር ለሚደረግ እጥበት አይከፍልም። ኢንሱሊን በእጅ ሻንጣ እንጂ በጭነት አይላክም።

የሆድ እጥበት ለስኳር በሽተኛ ይሻላል?

በሆድ እጥበት ውስጥ ፈሳሹ ሆድ ውስጥ ይገባል፣ ቆይቶ ይወጣል፤ ቤት ውስጥ ይሠራል። ዓይኑና እጁ ደህና ለሆነ ሰው ነፃነቱ ትልቅ ነው፣ ግፊቱም ድንገት አይወርድም። ችግሩ ፈሳሹ ራሱ ስኳር አለበት። ስኳርና ክብደት ሊጨምር፣ ኢንሱሊኑም ከፍ ሊል ይችላል። አይኮዴክስትሪን የሚባለው ፈሳሽ ስኳር አያበዛም፤ ግን አንዳንድ የጣት መለኪያዎችን ያሳስታል። ስኳሩ ወርዶ እያለ መለኪያው ከፍ ያለ ያሳያል። የመለኪያውን ዓይነት ለነርሷ አሳዩ። የሆድ እጥበት ኢትዮጵያ ውስጥ ለአዋቂዎች በሰፊው ስለማይገኝ ይህ ምርጫ በዋናነት ውጭ ላሉት ነው።

ስኳር ያለበት ሰው ንቅለ ተከላ ይፈቀድለታል?

አዎ፤ ልቡና ደም ሥሩ ተመርምሮ ብቁ ከሆነ። ስኳር ላለባቸውም ቢሆን ንቅለ ተከላ ከእጥበት የተሻለ ዕድሜና የተሻለ ኑሮ ይሰጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2015 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል፤ ኩላሊቱ የሚመጣው ከቤተሰብ ነው።

የማይነገረው ነገር ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚወሰዱት መድኃኒቶች ስኳር ከፍ ማድረጋቸው ነው። ስኳር ያለበት ኢንሱሊኑ ይጨምርበታል። ስኳር ያልነበረበትም አዲስ ስኳር ሊይዘው ይችላል። ለጋሽ የሚሆን ወንድም ወይም ልጅም ስኳሩ በደንብ መመርመር አለበት፤ ቤተሰብ ውስጥ ስኳር ካለ ነገ እሱም ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሊያስፈልጉት ይችላሉ።

አባታችን በጣም አርጅተዋል፣ ስኳርም ልብም አለባቸው። እጥበት ባይጀምሩስ?

ይህ ኃጢአት ወይም ጭካኔ ያለበት ጥያቄ አይደለም። በዕድሜ ለገፉና ብዙ ሕመም ላለባቸው ሰዎች እጥበት የሚጨምረው ዕድሜ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ያም ትንሽ በመመላለስና በሆስፒታል አልጋ ሊያልቅ ይችላል። ያለ እጥበት የሚደረግ ሕክምና አለ፤ ትንፋሽን፣ ማሳከክን፣ ማቅለሽለሽንና ሕመምን በመድኃኒት ማቅለል ነው። በሌላ በኩል፣ ጠንካራ የነበሩ ሽማግሌ እጥበት ጀምረው ዓመታት በደህና የኖሩም አሉ። ዕድሜ ብቻውን አይወስንም።

እኛ ጋ ልጆች ተሰብስበው ይወስናሉ፣ አባት መጨረሻ ይሰማል። አእምሯቸው ደህና ከሆነ መጀመሪያ እሳቸው ይጠየቁ። መወሰን ካቃተ ለሁለት ወይም ሦስት ወር ሞክሮ ማየት ይቻላል። ሙከራ መሆኑ ግን ከመጀመሪያው ቀን ለእሳቸውም ለሐኪሙም ይነገር፤ ምን ሲታይ እንደሚቀጥል፣ ምን ሲታይ እንደሚቆም ጭምር።